ቀዮ ውስጥ በገና ለመስማት

ባለፈው ሁዳዴ ነው። እሁድ ከቅዳሴ ስመለስ ካራ ላይ አንድ ሚኒባስ መሀል መንገድ ቆሞ ሰው ያራግፋል፤ እኔ ከኋላው ቆሜ እጠብቃለሁ። ሬዲዮው ላይ ያለው ሰውዬ ቀጥሎ በገና እንደሚያሰማን ነገረንና የመጀመሪያዎቹ ድርደራዎች ጥርት ብለው መጡ። ሚኒባሱ ተነሳ። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ በገናው የለም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ብከፍተው የመጣልኝ ነገር ቢኖር ጠርሙስ ውስጥ የገባች ዝንብ ጩኸት ነው። ለገጣፎ ደርሼ የግቢው በር ላይ ሞተር ሳጠፋ፣ እስከ ጥግ የተከፈተው ቴፕ ሰፈሩን አናጋው። የጎረቤት ውሻ ማላዘን ጀመረ። ባለቤቴ በሩን እየከፈተ፣ "ቤተ ክርስቲያኑን ይዘሽው መጣሽ እንዴ?" አለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሁለት ወር ተኩል ስለ ስፒከር ነው። ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ (እውነቱን ለመናገር ሁለት ሰው ነው) ሳልረሳው እዚህ ልጻፈው።

ለማታውቋት፣ ቀዮ ፊያት 124 ስፓይደር ናት። ሁለት በር፣ የሸራ ጣሪያ፣ ከኋላ ለስሙ ያህል ወንበር የሚባል ነገር አላት፤ የሰባት ዓመት ልጅ እንኳ እዚያ ሲቀመጥ ይነጫነጫል። የተሠራችው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው። ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ 11 ዓመት ሸራ ለብሳ ቆማ፣ ዶሮዎች እንቁላል ሲጥሉባት ነው ያገኘኋት። ባለቤቴ ዋጋዋን ሲሰማ "በዚህ ብር ሁለት የፈረንጅ ላም ይገዛ ነበር" አለ፤ ዛሬም ቤት ውስጥ ወተት ባለቀ ቁጥር ይህቺን ያነሳታል።

የአዲስ አበባ ሰው እሷን አያውቃትም እንጂ ዘመዷን ዕድሜ ልኩን ሲሳፈር ኖሯል። ሰማያዊና ነጩ ላዳ ታክሲ የመጣው ከፊያት 124 ነው፤ ሶቪየቶች ከፊያት ጋር ተስማምተው ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቶሊያቲ ከተማ ላይ ያመርቱት ጀመር። ሞተራቸው ግን አይገናኝም። የቀዮ 1438 ሲሲ ነው፣ ከላይ ሁለት ካምሻፍት በጎማ ቺንጋ ይዞርለታል፣ የነደፈውም ቀድሞ ለፌራሪ ሞተር ይሠራ የነበረው አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ነው። የአካሏ ቅርፅ የፒኒንፋሪና ነው። ይህን የምዘረዝረው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ ለጉራም ነው። ይሄ ሞተር በ1969 ጥሩ ድምፅ እንዲያወጣ ተብሎ የተሠራ ነው፤ ያወጣልም። ችግሩ እኔ ሌላ ነገር መስማት መፈለጌ ነው።

በዚያ ላይ ሰፈራችን አለ። ከአስፋልቱ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ ኮብልስቶን ነው፤ ቀዮ ስትሄድበት ጥርስሽን አንድ በአንድ ትቆጥሪዋለሽ። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ፣ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ማለቴ ነው፣ ከጎረቤቶቻችን ሁለቱ ኤሌክትሪክ መኪና ገዝተዋል። ጠዋት ጠዋት ዝም ብለው ይወጣሉ፤ የጎማው ድምፅ ብቻ። አንዱ አንድ ቀን ካራ ድረስ አድርሶኝ ነበር። ዜናውን የሞተር ሳል በሌለበት እንደ ቤቱ ሳሎን ሲሰማ ቀናሁ። ቀናሁ ብዬ እጽፋለሁ፣ ምን አለበት።

የመጀመሪያው ጥፋት የራሴ ነው። አልሰማ ካለኝ ድምፅ መጨመር ነው ብዬ ቅዳሜ መርካቶ ወረድኩ። የመኪና ቴፕ የሚሸጥበት ሱቅ ያለው ልጅ፣ ጣሪያዋ ሸራ ነው ስለው ሌላ ሳይጠይቅ "እህቴ፣ አንቺ የሚያስፈልግሽ ጉልበት ነው" አለኝ። ስድስት በዘጠኝ የሚባሉትን የእንቁላል ቅርፅ ያላቸው ስፒከሮችና 1200 ዋት የተጻፈበት አምፕሊፋየር አሸክሞ ሸኘኝ። ከኋላ ወንበሩ ጀርባ ጣውላ ተሠርቶ ተገጠሙ። ቆማ ስትሰማ ሠርግ ቤት ናት። መንዳት ስጀምር ባሱ ከሞተሩ ጋር ተደባልቆ ጀርባዬን ይደቃዋል፤ ቃል የሚባል ግን አይወጣም። ዜና አንባቢዋ ብርድ ልብስ ተከናንባ የምታነብ ትመስላለች። ማታ ማታ ደግሞ ባሱ በመታ ቁጥር የፊት መብራቱ ጥቅሻ ይጠቅሳል።

ሥራዬ ኦዲት ነው። ሃያ ዓመት የሰው ደረሰኝ ስመረምር ኖሬ የራሴን ካርቶን ሳልመረምር መግዛቴ ዛሬም ያበሽቀኛል። ቆይቼ ነው የገባኝ፤ የአምፕሊፋየር ደረሰኙ ካርቶኑ አይደለም፣ ጎኑ ላይ የተሰካችው ፊውዝ ናት። የኔዋ 20 አምፔር ትላለች። ሞተር ሲሠራ 13 ቮልት ገደማ ይደርሰዋል እንበል፤ 20 በ13 ሲባዛ 260 ዋት። ከዚያ በላይ እየሳበ ይቆይ ቢባል ፊውዟ ትቃጠላለች። ከገባው ላይ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ አምፕሊፋየር ድምፅ አድርጎ የሚያወጣው ግማሹን ትንሽ አለፍ የሚለውን ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይሄዳል። ገቢው 260፣ ወጪው 1200 የሆነ ሂሳብ ቢቀርብልኝ ፈርሜ የማላልፈው ሰው፣ ይኼን ገንዘብ ከፍዬ ተሸክሜ ገባሁ። መብራቱ ለምን እንደሚጠቅስም ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁለቱ የፊት መብራቶች ተደምረው የሚፈልጉት 9 አምፔር ያህል ነው፣ እኔ ከጎናቸው የእነሱን እጥፍ የሚበላ ተከራይ አስገብቻለሁ።

ኮተቤ መንገድ ዳር የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ አሉ። ጣሊያን መኪና ሲያዩ ዓይናቸው ይበራል። መብራቱን ይዩልኝ ብዬ ወሰድኳት። ኮፈኑን ከፍተው ትንሽ ዝም አሉና፣ ቴፑን ክፈቺ አሉኝ። ከፈትኩ። ሞተሩን አስነሺ አሉ። አስነሳሁ፣ ነዳጅ ስጪ ብለው በእጃቸው ምልክት አሳዩ፣ ሰጠሁ። ከዚያ ሁሉንም እንዳጠፋ በእጃቸው አሳዩኝ።

"ልጄ፣ ሞንታርቦ ነው የገጠምሽው?"

"አምፕሊፋየር ነው፣ ጋሼ። ሬዲዮ አልሰማ ብሎኝ ነው።"

"ወፍጮ ቤት ገብተሽ ሰው ስታናግሪ ምን ታደርጊያለሽ?"

"እጮኻለሁ።"

"አትጮኺም። ወደ ጆሮው ትጠጊያለሽ። ባለ ወፍጮውን ካወቅሽው ደግሞ ትንሽ አጥፋልኝ ትይዋለሽ።"

እኔ የወፍጮ ቤት ልጅ ነኝ፤ እናቴ ጤፍ ስታስፈጭ ከኋላዋ ቆሜ ነው ያደግሁት። እውነታቸውን ነው። እዚያ ቤት ውስጥ የሚጮህ ሰው የለም፣ ሁሉም ይጠጋል።

እንግዲህ መጀመሪያ ወፍጮው። ጋሼ ረጅም ካቻቢቴ አመጡና ጫፉን ወለሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ አድርገው፣ ሞተሩ እየሠራ ቦታ ቦታ እየቀያየሩ ያዳምጡ ጀመር። ሐኪም ደረት ሲሰማ አይታችሁ ከሆነ እንደዚያው። ከአሽከርካሪው ወንበር ስር ሲደርሱ ካቻቢቴውን አቀበሉኝ። ጆሮዬን ባስጠጋ ማርሚታው በቀጥታ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ከስር ገብተን ብናይ፣ ማርሚታውን አንጠልጥሎ መያዝ የነበረበት ጎሚኒ ከተበጠሰ ቆይቷል፤ አንድ ባለሙያ በሽቦ ጠፍንጎ አስሮታል። ጎሚኒ ንዝረቱን ይውጠዋል፤ ሽቦ ግን እንዳለ ወደ ወለሉ ላሜራ ያስተላልፈዋል። ላሜራው ደግሞ ሰፊ ነው፣ ስስ ነው፣ ይንቀጠቀጣል።

"የመኪናሽ ትልቁ ስፒከር ወለሉ ነው" አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ። "እሱን ነው ቀድመሽ ዝም ማሰኘት።"

ከላዳ የተነሳ ሁለት የማርሚታ ጎሚኒ ተገኘና መስቀያው ትንሽ ታጥፎ ተገጠመ። ከጠቅላላው ወጪዬ ትንሹ ይሄ ነው። ከጠቅላላው ለውጥ ትልቁም ይሄ ነው፤ ወደ ቤት ስነዳ መሪው ላይ ያለው ጣቴ መደንዘዙን ተወ።

ቀጥሎ ቀዳዳ። ሞተሩንና እኛን የሚለየው ላሜራ ላይ ድሮ ሽቦና ቱቦ ያልፍባቸው የነበሩ፣ አሁን ባዶ የቀሩ ቀዳዳዎች አሉ። ትንሽ ናቸው ብዬ ነበር። ድምፅ ግን እንደ ውሃ ነው፤ ግድግዳ ምንም ያህል ወፍራም ቢሆን፣ ከስፋቱ መቶኛው እጅ ክፍት ከሆነ ከ20 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት የሚለካበት ነው) በላይ አያስቀርልሽም። ማታ፣ ባለቤቴ ሞተሩ ክፍል ውስጥ ባትሪ መብራት ይዞ ቆመ፣ እኔ እግሬን ወንበሩ ላይ ሰቅዬ ጭንቅላቴን ከፍሪሲዮኑ ስር አስገባሁ። ጨለማው ውስጥ ኮከብ ቆጠርኩ። ሰባት። አንዱ የአምስት ሳንቲም ስፋት አለው፣ የሌሎቹ ጎማ ደርቆ ተፈርፍሯል። "እስከ መቼ ነው የምይዘው?" ይላል ከዚያ ወገን፣ ከነሙሉ ቃሉ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ማስረጃ ከፈለጋችሁ ይኼው። ከአሮጌ ከመነዳሪ ክብ ክብ እየቆረጥን በሁለት ወገን ደፈንናቸው፤ የጭስ ማውጫው ቱቦ አጠገብ ያለችውን ግን ጋሼ በላሜራ ቁራጭ ዘጓት፣ ጎማ እዚያ ይቃጠላል ብለው።

ወለሉ ላይ ተሞኘሁ። ውጭ አገር ለመኪና ተብሎ የሚሸጥ፣ አንድ ፊቱ አሉሚኒየም የሆነ የሚለጠፍ ጎማ መሰል ነገር አለ፤ እሱን ፍለጋ ላለመድከም ለቤት ጣሪያ የሚነጠፈውን ሬንጅ ያለበትን ገዝቼ ለጠፍኩ። ላሜራውን ሲያንኳኩት ከ"ጣንግ" ወደ "ዱብ" ተለወጠ፤ ደስ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ለሥራ ጉዳይ ዱከም ሄጄ ሰባት ሰዓት ላይ ፀሐይ ውስጥ ካቆምኳት በኋላ በሩን ስከፍት፣ የመንገድ ሥራ ላይ የደረስኩ መሰለኝ። ቢሮ ውስጥ እንኳ "ምን ሸተተኝ" ያለ አልጠፋም። ሁለት ቅዳሜ ሙሉ በናፍጣና በማንኪያ ስፈቀፍቅ ዋልኩ። በቦታው ወፍራም ፌልት፣ ከላዩ የከባድ መኪና ወለል ጎማ ሆነ። ጎማው ከባድ መሆኑ ነው ቁም ነገሩ፤ ክብደት ያለው ነገር በድምፅ ቶሎ አይነቃነቅም።

ስልኬ ላይ ድምፅ የሚለካ መተግበሪያ ጭኛለሁ። እሱ የሚያሳየው ቁጥር ፍርድ ቤት አይቀርብም፤ የዛሬን ከትናንት ለማስተያየት ግን ይበቃል። ስጀምር፣ ሸራው ተዘግቶ፣ በ80 ስነዳ 87 ዴሲቤል ይል ነበር። ይህን ሁሉ ከጨረስን በኋላ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት 82። አምስት ምን አላት ትሉ ይሆናል። ከስፒከር 3 ዴሲቤል ተጨማሪ ለማግኘት ዋቱን እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፤ አምስት ማለት ሦስት እጥፍ ዋት እንደማለት ነው። በጎሚኒ፣ በከመነዳሪና በፌልት ሦስት አምፕሊፋየር ገዛሁ፤ ያውም መብራት የማይጠቅሱ።

ቀጥሎ መጠጋት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልጓተት፤ በገናው የት እንደሚሄድ የገባኝ እዚህ ጋ ነውና። ቀዮ በአምስተኛ ማርሽ ከ80 ትንሽ አለፍ ስትል ሞተሯ በደቂቃ 3000 ጊዜ ይዞራል። አራት ሲሊንደር ሞተር በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። ስለዚህ በደቂቃ 6000፣ በሰከንድ 100 ጊዜ። 100 ኸርዝ የሚባለው ወፍራም ድምፅ ማለት ነው፤ ሰንዳፋ እስክደርስ ጆሮዬ ላይ ተቀምጦ የሚሄደው እሱ ነው። የበገና የታችኞቹ አውታሮች ደግሞ ከእሱ ጋር አንድ ሰፈር ይኖራሉ። በጆሮ ተፈጥሮ ወፍራም ጩኸት ከበላዩ ያለውን ቀጭን ድምፅ ይሸፍናል፤ ቀጭኑ ግን ወፍራሙን እምብዛም አይሸፍነውም። እኔ ታዲያ ባስ በጨመርኩ ቁጥር ለሞተሩ ተባባሪ እየቀጠርኩለት ነበር። ዜና አንባቢዋን ብርድ ልብስ ያከናነብኳት እኔው ነኝ።

በገና ግን ዘዴ አለው። በአውታሩና በማረፊያው መካከል የምትገባ ትንሽ ቆዳ አለች፤ አውታሩ ሲነካ እየነካካች ያን የሚያውቀውን ሰው ልብ የሚነካ ንዝረት ትሰጠዋለች። ንዝረቷ ከዋናው ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ታወጣለች። ጆሮ እነዚያን ከሰማ ወፍራሙን ባይሰማ እንኳ ራሱ ይሞላዋል፤ በትንሽ ሬዲዮ ወፍራም የወንድ ድምፅ ወፍራም ሆኖ የሚሰማን በዚህ ነው። ስለዚህ ሞተሩን 100 ኸርዝ ላይ መታገል አያስፈልገኝም። እሱ እዚያ ይንገሥ። እኔ ከበላዩ ያለውን ጥርት አድርጌ ካመጣሁ በገናው ይመጣል። ይህን ለጋሼ ሳስረዳ ሻይ እየጠጡ ሰሙኝና "ታዲያ ምን አልኩሽ?" አሉ። እንደዚያ አላሉም ነበር፤ ግን ምን ይባላል።

የሚያስፈልገኝ ትንሽ፣ ቀላል፣ በትንሽ ዋት የሚጮህ ስፒከር ነው። ስፒከር በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ስንት ዴሲቤል እንደሚሰጥ ይለካል፤ 87 የሚሰጠውና 92 የሚሰጠው መሀል ያለው ልዩነት እንደገና ያቺው ሦስት እጥፍ ዋት ናት። ከባድ የፕላስቲክ ሾጣጣ (እየተንቀጠቀጠ ድምፁን የሚያወጣው ክፍል) ያላቸው፣ ባስ እንሰጣለን የሚሉት፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ሰነፎች ናቸው። ቀላል የወረቀት ሾጣጣ ያለው ይሻላል። ይሄ ደግሞ ሶማሌ ተራ ሞልቷል፤ ከተፈታ ቶዮታ በር የወጣ ስፒከር እንደ ሽንኩርት ተቆልሎ ይሸጣል። ማንም አይፈልገውም፣ ሁሉም የሚፈልገው አዲሱንና ያሸበረቀውን ነው።

ጋሼ አንድ የግድግዳ ሰዓት ባትሪና ሁለት ቁራጭ ሽቦ ሰጥተው ነው የላኩኝ። ከቁልሉ አንድ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር አነሳሁ፣ ሾጣጣውን በሁለት አውራ ጣት ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ ገፋሁት፤ ከር ከር ካለ የውስጡ ጥቅል ሽቦ ተጣሟል ማለት ነው። ከር ከር አለ፤ መለስኩት። ሁለተኛው ዝም ብሎ ገብቶ ወጣ። ከዚያ 1.5 ቮልቱን ባትሪ ነካ አደረግሁበት። ጠብ! ሾጣጣው ወደ ውጭ ዘለለ። ወደ ውጭ ከዘለለ የባትሪው ፖዘቲቭ የነካው ጫፍ ፖዘቲቩ ነው፤ በጥፍር ቀለም ምልክት አደረግሁ። ባለሱቁ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቆይቶ፣ "እመቤት፣ ነጋዴ ነሽ እንዴ?" አለኝ። ኦዲተር ነኝ ስለው ዋጋው ጨመረ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ላሜራ አይቆረጥም ብያለሁ። ሃምሳ ምናምን ዓመት ሳይቆረጥ የቆየ በር እኔ አልቆርጥም። ከበሩ ማጠፊያ ፊት፣ ከእግር ጎን ያለው ማዕዘን ባዶ ነው፤ ሰፈራችን ሶፋ የሚሠራው አናጺ በዘጠኝ ሚሊ ኮምፔንሳቶ ሁለት ትንንሽ ሣጥን ሠራልኝ፣ ፊታቸው ወደ ላይ ወደ ጆሮ የተዘነበለ። ግራው ሦስት ጊዜ ተሠራ። መጀመሪያ የፍሪሲዮን እግሬ መታው፤ ሁለተኛ በጫማ ልክ ተሠራ፣ ግን በተረከዝ ጫማ ልክ አልነበረም። እዚያ መሆናቸው ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ከኋላ ከነበሩት ይልቅ ግራና ቀኙ ከጆሮዬ ያላቸው ርቀት ይቀራረባል። ሁለተኛ፣ ሸራው ሲወርድ መኪናዋ ከሜዳ አትለይም፣ ሜዳ ላይ ደግሞ ርቀት በግማሽ ሲቀንስ 6 ዴሲቤል ይገኛል። የቀድሞዎቹ ከኋላ፣ ያውም ነፋሱ ሸራውን በሚደበድብበት ጥግ ነበሩ።

አንዲት ነገር ቀረች። እነዚህ ትንንሽ ሾጣጣዎች ባስ ለማውጣት ሲሞክሩ ይንገላታሉ፤ ጋሼ ይህን ከመንገዳቸው ለማንሳት ከተጣለ ቴሌቪዥን 680 ማይክሮፋራድ ካፓሲተሮች ነቀሉ። ሁለት ሁለቱን ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ አገናኝተው በእርሳስ አቃጥለው አጣበቋቸው፤ እንዲያ ሲሆን ወገን የማይለይ 340 ይሆናሉ። 4 ኦም ስፒከር ፊት ሲቀመጥ ከ117 ኸርዝ በታች ያለውን እየቀነሰ ይሄዳል። ከሞተሩ ሰፈር ትንሽ ከፍ ብሎ መሆኑን ልብ በሉ። ሂሳቡን እኔ ሠራሁ፣ ማቃጠያውን እሳቸው ያዙ፤ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ጫፉ ሥራው ላይ ሲያርፍ ግን ቀጥ ይላል።

ገጥመን ከፈትነው። ቀጭን፣ ባዶ፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ ድምፅ። ሆዴ ባባ። ጋሼ ወደ ግራ ዞር፣ ወደ ቀኝ ዞር አሉና "ተጣልተዋል" አሉ። አንዱ ሾጣጣ ሲወጣ ሌላው እየገባ ነው፤ አየሩን አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ይስባል፣ መሀል ላይ ድምፁ ይጠፋል። የጥፍር ቀለሜ በቀኙ ላይ በማቃጠያው ሙቀት ተልጦ ኖሯል። ያቺው የሰዓት ባትሪ መጣች፣ ጠብ፣ ሽቦው ተገለበጠ። እንደገና ሲከፈት ዜና አንባቢው ክሩስኮቶው ላይ ተቀምጦ ያነባል። እጄን ልዘረጋለት ትንሽ ነው የቀረኝ።

ከነዳጁ ጋር እየቀጠነ የሚወጣ የፉጨት ድምፅም ነበር፤ የቴፑ ግራውንድ የታሰረው ቀለም በተቀባ ቡሎን ላይ ስለነበር ነው። ተፍቆ ባትሪው የታሰረበት ቦታ ሲታሰር ቆመ። አምፕሊፋየሩን አውጥቼ ከነስድስት በዘጠኙ ለሰፈራችን ባጃጅ ነጂ ሸጥኩለት። ዛሬ ቴፑ ብቻውን ያንን ሁለት ስፒከር ይነዳል። ባጃጁ ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ በቤታችን ሲያልፍ የሳሎኑ መስታወት ይንቀጠቀጣል፤ ባለቤቴ "የሸጥሽው መጣ" ይለኛል።

ሁዳዴ ካለፈ በኋላ ስለሆነ ሬዲዮ ላይ በገና አላገኘሁም፤ ስልኬ ላይ የነበረኝን ይዤ፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ በለገዳዲ አድርጌ ወደ ሰንዳፋ ወጣሁ። በ60 ሙሉ ነው። በ80 የታችኛው አውታር ሥጋው ይሳሳል፣ ንዝረቱ ግን አለ፣ ቃሉም አለ፣ ጣት አውታር ላይ ሲያርፍ የሚሰማው ያቺ ትንሽ ኮሽታም አለች። በ100 የለም። ልዋሽ አልችልም፣ በ100 ነፋሱ ሸራውን ይይዘውና ማንም ምንም አይሰማም። ስለዚህ በ80 ነው የምሄደው። ከኋላዬ ያለው ሲኖትራክ በዚህ ጉዳይ የራሱ አስተያየት አለው፣ ጥሩምባው በደንብ ይሰማል።

ዋሽንት ሞክሬያለሁ፣ እሱማ ድሮም ይሰማ ነበር። ማሲንቆ በጣም ያምራል፣ ትንሽ ይጮህብኛል። ኮብልስቶኑ ላይ ግን ተስፋ ቆርጫለሁ፤ እዚያ ስደርስ ቴፑን ዝም አሰኛለሁ።

ሰኔ ገባና ያልጠበቅሁት መጣ። የሸራው ጥግ መስታወቱን በሚገናኝበት ቦታ ያፈሳል፤ ውሃው በውስጥ ወርዶ ወርዶ በቀጥታ ግራው ሣጥን ላይ ያርፋል። የወረቀት ሾጣጣ ነው፣ አንድ ክረምት አይችልም። የሸራው ማሸጊያ ጎማ እዚህ አገር አልተገኘም፣ ላዳ ደግሞ ሸራ የለውም፣ ከእሱ መዋስ አይቻልም። ለጊዜው አንድ ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ በቁመቱ ቆርጬ፣ እንደ ቤት ክዳን ስፒከሩ ላይ ገጥሜዋለሁ፤ ውሃው ተንሸራቶ ምንጣፉ ላይ ይወርዳል። ትናንት ማታ ካራ ላይ ዝናብ ውስጥ ቆሜ መኪና ሳሳልፍ፣ ከግራ እግሬ አጠገብ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሦስተኛ ማርሽ ላይ አይሰማም።